ጄኔራሉ ጡረታ ሲወጡ

በእኛ አገር የወታደር ስም ሁለት ጊዜ ይነሳል፤ ሲዘምትና ሲቀበር። በመካከል ስላለው ዕድሜ ብዙም አናወራም። መለዮውን ካወለቀ በኋላ ምን ሠርቶ እንደሚበላ፣ ያየውን ይዞ እንዴት እንደሚተኛ የሚያውቀው ከቤተሰቡ በቀር ማንም የለም። የካናዳዊው ሌተና ጄኔራል ሮሜዮ ዳሌር መጽሐፍ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች የሚጠቅመን ይህችን የተዘለለች ዕድሜ እንድንጠይቅ ስለሚያስገድደን ነው። መጽሐፉ በ2003 በእንግሊዝኛ የወጣ ሲሆን፣ ርዕሱን «ከዲያብሎስ ጋር መጨባበጥ» ልንለው እንችላለን። (ዓ.ም. ያልተጻፈባቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ዳሌር በ1993 መገባደጃ ላይ የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ኃይል አዛዥ ሆነው ሩዋንዳ ገቡ። በ1994 መጀመሪያ አንድ የውስጥ አዋቂ መሣሪያ የት እንደተከማቸና ቱትሲዎችን ለመፍጀት ምን እየተሰናዳ እንደሆነ ሹክ አላቸው። መሣሪያውን ልንይዝ ነው ብለው ወደ ኒውዮርክ ጻፉ። እንዳይነኩት ታዘዙ። ሦስት ወር ሳይሞላ እልቂቱ ጀመረ። በመጀመሪያው ቀን አሥር የቤልጂግ ወታደሮች ተገደሉ፤ ቤልጂግም ጦሯን ጠቅልላ ወጣች። የጸጥታው ምክር ቤት ደግሞ ኃይሉን በማጠናከር ፈንታ ወደ 270 ሰው እንዲወርድ ወሰነ! ዳሌር ከጋናውያን ወታደሮችና ከጥቂት ሌሎች ጋር እዚያው ቀሩ። በስታዲየምና በሆቴል የተጠለሉ ብዙ ሺህ ሰዎችን ሲጠብቁ፣ ከዚያ ውጪ በመቶ ቀናት ውስጥ ስምንት መቶ ሺህ ያህል ሰው አለቀ። በዚያው ዓመት ክረምት ፈረንሳዮች ደቡብ ምዕራቡን ለቀው ሲወጡ ቦታውን ከተረከቡት መካከል የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር ነበረበት። ስለዚህ ታሪኩ ለእኛም ሩቅ አይደለም።

መጽሐፉ የሚጠነክረው ስለ ክፋት ሲፈላሰፍ ሳይሆን ስለ ነዳጅ፣ ስለ ውኃ፣ ስለማይሠራ ተሽከርካሪ ሲያወራ ነው። አሜሪካ የምታቀርባቸው 50 ብረት ለበሶች በኪራይ ውል ጭቅጭቅ ለሳምንታት መዘግየታቸውን ያነበበ ሰው፣ ሕዝብ የሚያልቀው በገዳይ እጅ ብቻ ሳይሆን በቢሮ ወረቀትም መሆኑን ይረዳል።

ድክመትም አለበት። ሩዋንዳውያን በመጽሐፉ ውስጥ በአብዛኛው የሚታዩን ከጄኔራሉ መኪና መስኮት ነው። አንባቢ መጽሐፉን ሲዘጋ የጄኔራሉን እንቅልፍ ማጣት ያውቃል፤ በስታዲየሙ መሬት ላይ ያደሩት እናቶች እንዴት እንዳደሩ ግን እምብዛም አያውቅም። ሌላው፣ አምስት ሺህ ደህና ወታደር ቢሰጠኝ ኖሮ አብዛኛውን እልቂት እገታው ነበር የሚለው ሙግታቸው ነው። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የሰው ቁጥሩን ማን ከለከለ የሚለው ጥያቄ ከወታደር ሒሳብ ያልፋል፤ ራሳቸውም ይህን የሚክዱት አይመስሉም።

ታዲያ ከዚያ በኋላስ? በ2000 በሕመም ምክንያት ከሠራዊቱ ተሰናበቱ። በዚያው ዓመት በመናፈሻ አግዳሚ ወንበር ላይ ጠጥተው ራሳቸውን ስተው ተገኙ። ራሳቸውን ለማጥፋት እንደሞከሩም በአደባባይ ተናግረዋል። ጄኔራል ሆኖ ይህን መናገር ቀላል አይደለም። ከ2005 እስከ 2014 የካናዳ ሴናተር ሆኑ፤ በ2007 ደግሞ ሕፃናት ለውትድርና እንዳይመለመሉ የሚሠራ ድርጅት አቋቋሙ።

የሁለተኛው ሥራቸው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ለብዙ ጊዜ የሕፃናት ወታደሮች ጉዳይ የእርዳታ ድርጅቶች ሥራ ተደርጎ ነበር የሚታየው፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ልጁን መሰብሰብ፣ ማከም፣ ማስተማር። ዳሌር ግን ይህ የወታደሩና የፖሊሱም ሥራ ነው አሉ። ኬላ ላይ መሣሪያ የደገነ የአሥር ዓመት ልጅ የሚገጥመው የእርዳታ ሠራተኛው ብቻ አይደለም፤ ወታደሩም ነው። ተኩሶ ይግደለው? ወይስ ቆሞ ይገደል? ይህን አስቀድሞ መልመድ አለበት። ሕፃኑን «የጦር መሣሪያ» ብለው ሲጠሩት ጆሮ ይቆረቁራል። ሆኖም መልማዩ አዛዥ የሚያየው እንደዚያው ነው፤ ርካሽ፣ ታዛዥ፣ የሚተካ። ያንን ሒሳብ ለማፍረስ ሒሳቡን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ርኅራኄ ብቻውን አይበቃም።

መቼም ሁሉም ወታደር ዳሌርን ይሁን ማለት የዋህነት ነው። ጄኔራሉ ጡረታ፣ ሐኪም፣ አሳታሚ፣ የምክር ቤት ወንበር ነበራቸው። በ1983 ዓ.ም. የተበተነው የእኛ ሠራዊት ምን ነበረው? በየመንገዱ መለዮውን እንደለበሰ እጁን የዘረጋውን ያየ አይረሳውም። መኮንኖቻችን ከዚያ ወዲህ የጻፏቸው ማስታወሻዎች ታሪካችንን አበልጽገዋል፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። ግን አብዛኞቹ የሚከራከሩት ማን አሸነፈ፣ ማን ከዳ፣ ማን ምክሬን አልሰማም በሚለው ላይ ነው። የመጨረሻው ውጊያ ሲያበቃ መጽሐፉም ያበቃል።

ዛሬ ነገሩ የበለጠ ያስቸኩላል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን የተካሄደው ጦርነት ብዙ የታጠቀ ወጣት ትቶልናል። ስለ ተሐድሶ ስናወራ የምናነሳው ገንዘቡን፣ ሥልጠናውንና የሚረከቡትን መሣሪያ ነው። አስፈላጊ ነው። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች ሕዝብ ሲፈናቀል መንገዱ የት እንደሚዘጋ፣ እህል የጫነ መኪና የት እንደሚያዝ፣ ልጅ በምን ተታሎ እንደሚመለመል ከማንኛችንም በላይ ያውቃሉ። ያንን እውቀት የሚጠይቃቸው ሰው ካልመጣ፣ የሚያስታውሳቸው የሚቀጥለው ጦርነት መልማይ ብቻ ይሆናል።