በወፏና በዓይናችን መካከል

በመስከረምና በጥቅምት ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው ወደ ኢትዮጵያ ከሚመጡት ወፎች መካከል ቺፍቻፍና ዊሎ ዋርብለር የሚባሉ ሁለት ትናንሽ እንግዶች አሉ። ክብደታቸው 10 ግራም ገደማ ነው። ሁለቱም ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቡኒ ላባ ለብሰዋል፤ ሁለቱም በግራር ቅጠል ውስጥ ነፍሳት ሲለቅሙ አንድ ቅርንጫፍ ላይ አይረጉም። ዝም ባሉበት ሰዓት ለመለየት ከሚረዱት ምልክቶች አንዱ እግራቸው ነው፤ የቺፍቻፍ ወደ ጥቁር ይሄዳል፣ የዊሎ ዋርብለር ግን ገርጣ ያለ፣ የሥጋ ቀለም የነካው ነው። ከ20 ሜትር ርቀት፣ ጥላ ውስጥ፣ የዚያን ቀጭን እግር ቀለም ሳያዛባ የሚያሳይ ባይኖኩላር ሥራውን ያውቃል። ጥቁር ነገር በነጭ ሰማይ ፊት ሲቆም ደግሞ ሌላ ፈተና ይመጣል፤ ተራ ሌንስ በጠርዙ ዙሪያ ሐምራዊና አረንጓዴ ክር ይጨምርበታል። ማጅራቱ ነጭ የሆነው፣ መንቆረ ወፍራሙ የደጋችን ቁራ ለዚህ ፈተና የተፈጠረ ይመስላል። የመንቆሩ ጠርዝ ያለ ክር ንጹሕ ሆኖ ከታየ ብዙውን ጊዜ ሌንሱ ውስጥ ፍሎራይድ የገባበት መስታወት አለ ማለት ነው። ይህ መስታወት ለስላሳ ነው፤ ቶሎ ይጫራል፣ ሲሞረድ ትዕግሥት ይፈልጋል፣ ዋጋውም ከዚያው ይጀምራል።

የውድ ባይኖኩላር ክርክር ከተነሣ ሦስት ቤቶች ሳይጠሩ አያልፉም። ስዋሮቭስኪ ኦፕቲክን ቪልሄልም ስዋሮቭስኪ በ1949 በኦስትሪያ ቲሮል፣ አብሳም በምትባል መንደር አቋቋመው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ዛይስ በ1846 የና ከተማ የተወለደ አንጋፋ ነው። ላይካ የጀርመኗ የዌትዝላር ልጅ ነው። ዛይስ በ2014 ቪክቶሪ ኤስኤፍን፣ ላይካ በ2016 ኖክቲቪድን፣ ስዋሮቭስኪ በ2020 ኤንኤል ፒዩርን አወጡ፤ ዋጋቸው 3 ሺህ ዶላር አካባቢ የሚያንዣብብ፣ አንዳንዴም የሚያልፈው ነው። ሦስቱን በአንድ ጠዋት እየቀያየረ ያየ ሰው በምስሉ መሐል ላይ ያለውን ጥራት ሊያበላልጥ አይችልም። እችላለሁ የሚለኝን ሰው አላምነውም፤ ሦስቱም ከዓይናችን አቅም በላይ የጠሩ ናቸውና። የሚለያዩት እያንዳንዱ ቤት ምን ለማግኘት ምን ለማጣት እንደተስማማ ነው። ይህን ለማየት ግን ባይኖኩላሩን ከፍቶ ወደ ፕሪዝሙ መግባት ያስፈልጋል።

የፊት ሌንስ የሚሠራው ምስል የተገለበጠ ነው፤ ላዩ ታች፣ ቀኙ ግራ። የሚያቃናው ፕሪዝሙ ነው። ጣሊያናዊው ኢኛዚዮ ፖሮ ብርሃኑን አራት ጊዜ እያጠፈ የሚያቃናውን መላ በ1854 በስሙ አስመዘገበ። ከዓመታት በኋላ የዛይሱ ሊቅ ኤርንስት አቤ በራሱ መንገድ እዚያው ሐሳብ ላይ ደርሶ ሊያስመዘግብ ቢሄድ፣ ፖሮ ቀድሞታል። ሆኖም ፖሮ ያልነበረውን አንድ ነገር አቤ ነበረው፤ መስታወት የማቅለጥን ምሥጢር የሚያውቀውን ኦቶ ሾትን። በ1884 የና ላይ የመስታወት ፋብሪካ አቋቋሙ፤ በ1894 የዛይስ የፕሪዝም ባይኖኩላር ለገበያ ወጣ። በየፊልሙ በጄኔራሎች አንገት ላይ የምናየው፣ ትከሻው ሰፊ የሆነው የጦር ሜዳ መነጽር የዚያ ልጅ ነው።

ቱቦው ቀጥ ያለው የዛሬ ባይኖኩላር ግን ሌላ ፕሪዝም ይዟል፤ ለሥራው ውበት ያለኝን አድናቆት የማፈስሰውም እዚህ ላይ ነው። ከፕሪዝሙ ገጾች ሁለቱ እንደ ቆርቆሮ ቤት ጣሪያ ዘንበል ብለው በ90 ዲግሪ ይገናኛሉ። የሚገባው ብርሃን በትክክል የመገናኛው ጠርዝ ላይ ይወድቅና ለሁለት ይከፈላል፤ ገሚሱ በቀኝ፣ ገሚሱ በግራ ገጽ ተንጸባርቆ እንደገና አንድ ይሆናል። አንድን ዲግሪ ለ3,600 ብንከፍለው፣ ማዕዘኑ ከእነዚህ ክፍልፋዮች በጥቂቱ እንኳ ከተዛነፈ ሁለቱ ግማሾች አይገጥሙም፤ አንዷ ወፍ ሁለት ትሆናለች። ጠርዙ ራሱ ቢላ ሆኖ መውጣት አለበት፤ ትንሽ ከተሸረፈ ማታ መብራት ሲያዩበት የብርሃን ሰይፍ ይመዘዛል።

ማዕዘኑ ፍጹም ቢሆንም ነገሩ አያልቅም። ብርሃን ሞገድ ነው፤ በሁለቱ ገጾች የሄዱት ግማሾች ሲመለሱ እርምጃቸው አይገጥምም፣ አንዱ ሌላውን ያደበዝዘዋል። በዚህ ሰበብ የጣሪያ ፕሪዝም ያላቸው ውድ ባይኖኩላሮች ለብዙ ዘመን ከርካሾቹ የፖሮ ባይኖኩላሮች ያነሰ ጥርት ያለ ምስል ሲሰጡ ኖረዋል፤ ገዢው የሚከፍለው ለጥራቱ ሳይሆን ለቅጥነቱ ነበር። ዛይስ በ1988 በጣሪያው ገጾች ላይ እጅግ ስስ የሆነ ቅብ አስቀምጦ የሞገዶቹን እርምጃ አስተካከለ። ሌሎቹም ተከተሉት። ዛሬ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ያለ የጣሪያ ባይኖኩላር ይህ ቅብ ከሌለው መግዛት አያስፈልግም።

አሁንም ሌላ ጣጣ አለ። ቱቦውን በጣም የሚያሳጥረውና በአብዛኞቹ ውስጥ ያለው ሽሚት-ፔካን የሚባለው ፕሪዝም፣ አንዱ ገጹ ብርሃኑን በራሱ ስለማያንጸባርቅ እንደ ፊት መስታወት አድርጎ መቀባት ግድ ነው። ቅቡ አሉሚኒየም ከሆነ ከብርሃኑ አሥር በመቶ ያህል እዚያው ይቀራል፤ ብር ሲሆን ይሻላል፤ የከፍተኛው ደረጃ ባይኖኩላሮች ግን በደርዘን የሚቆጠሩ ስስ ንጣፎችን አነባብረው ከ99 በመቶ በላይ ያንጸባርቃሉ። ሌንሶቹስ? ያልተቀባ መስታወት ብርሃን በገባና በወጣ ቁጥር 4 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። 16 ገጽ ያለው ባይኖኩላር ያለ ቅብ ቢሠራ ዓይን ላይ የሚደርሰው ከገባው ግማሽ ያህሉ ብቻ ይሆናል። የዛይሱ አሌክሳንደር ስማኩላ በ1935 የፈጠረው ጸረ-ነጸብራቅ ቅብ ነው ይህን ታሪክ የቀየረው። ዛሬ ኤንኤል ፒዩር 91 በመቶ ብርሃን ያሳልፋል ተብሎ ሲጻፍ ቁጥሩ ተራ ይመስላል፤ ከኋላው ያለው ሥራ ግን ይህ ሁሉ ነው።

ከዚያ ሁለት ቱቦዎች ጎን ለጎን ይቆማሉ። ዓይኖቻችን ወደ ውስጥ ለመጥበብ የለመዱ ስለሆኑ በአግድም ያለን ጥቂት መዛነፍ ይችላሉ፤ አንዱን ዓይን ወደ ላይ፣ ሌላውን ወደ ታች ማድረግ ግን አልተሰጠንም። ቱቦዎቹ በቁመት ከተዛነፉ አእምሮ በጉልበት ያገጣጥማቸዋል፤ ሰውየው ምስሉ ጥሩ ነው እያለ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ራሱን ያመዋል። ርካሽ ባይኖኩላር አንድ ጊዜ ሲወድቅ የሚያልቅለት በዚህ ነው። በማግኒዥየም አካል ላይ የተሠራ ጥሩ ማጠፊያ ግን በሁለት እጅ ሲከፍቱት ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ክብደት ይሰማል፤ የትም ቦታ አይላላም፣ የትም ቦታ አይዝም። እኔ ባይኖኩላር ስመረምር ከዓይኔ በፊት ጣቴን ነው የማምነው።

ወደ ሦስቱ እንመለስ። 10 እጥፍ የሚያጎሉትንና የፊት ሌንሳቸው 42 ሚሊ ሜትር የሆነውን ብናወዳድር፣ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ ኤንኤል 133 ሜትር፣ ኤስኤፍ 120 ሜትር፣ ኖክቲቪድ 112 ሜትር ስፋት ያሳያሉ። የ133ቱና የ112ቱ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ በክቡ ይዞታ ሲሰላ ግን የመጀመሪያው ከሁለተኛው 40 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ግራር ውስጥ ለምትዘል ወፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስዋሮቭስኪ ምስሉን እስከ ጠርዙ ጠፍጣፋና ጥርት ያለ አድርጎታል። ዋጋው ምንድን ነው? እንዲህ ያለ ጠፍጣፋ ምስል ሜዳውን ከግራ ወደ ቀኝ እየጠረጉ ሲያዩበት ዓለም በኳስ ላይ የምትንከባለል ሊመስል ይችላል። አንዳንዱን ሰው ያዞረዋል፤ አንዳንዱ ጭራሽ አያስተውለውም። ኤንኤል ቱቦውን መሐሉ ላይ አጥብቦ ለመዳፍ እንዲመች አድርጎ ቀርጾታል፤ ከዚህ የተሻለ እጅ ላይ የሚቀመጥ ባይኖኩላር አልጨበጥኩም። ዛይስ በሌላ መንገድ ሄደ፤ ኤስኤፍን ከሌሎቹ ረዘም አድርጎ ክብደቱን ወደ ዓይን በኩል ስቦታል። 800 ግራም አይሞላም፤ በተዘረጋ ክንድ ላይ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይመስላል። ጥንብ አንሳ ገደል ላይ ሲያንዣብብ ለረጅም ጊዜ ቀና ብሎ ለሚከተል ሰው ምርጫዬ እሱ ነው።

ኖክቲቪድ በቁጥር ተሸናፊ ነው። ሆኖም ቀለሙ በእኔ ዓይን ከሦስቱ ሁሉ የጠገበና ሞቅ ያለ ነው፤ ያ የወፍ እግር ሥጋ መሰለ ወይስ ጠቆረ የሚለው ክርክር ላይ ከእሱ ጋር እቆማለሁ። ላይካ የጠርዙን ጥራት በጥቂቱ ትቶ ለምስሉ ጥልቀት ሰጥቶታል፤ ቅርንጫፉ ከፊት፣ ወፏ ከኋላ መሆኗ በግልጽ ይለያል። ስፋት የሚለካ ነገር ስለሆነ ማስታወቂያ ላይ ይጻፋል፤ ይህ ግን አይጻፍም።

አዳኝ ሌላ ሰው ነው። በጀርመንና በኦስትሪያ አዳኝ ዛፍ ላይ በተሠራ ማማ ተቀምጦ የሚጠብቀው ቀኑን ሳይሆን ምሽቱን ነው፤ የዱር አሳማን በጨረቃ ብርሃን የሚጠብቅም አለ። ለእሱ የተሠራው 8 በ56 ነው፤ 8 ማጉላቱ፣ 56 የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር። 56ን ለ8 ብንካፈል 7 ይመጣል፤ ከባይኖኩላሩ የሚወጣው የብርሃን ክብ ስፋት 7 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው፤ የወጣት ሰው የዓይን ብሌን በጨለማ የሚከፈተውን ያህል። በ10 በ42 ይህ ክብ 4.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በስዋሮቭስኪ ኤስኤልሲ 56ና በዛይስ ቪክቶሪ ኤችቲ ውስጥ ያለው ፕሪዝም ደግሞ አቤ-ኮኒግ የሚባለው ነው፤ ይረዝማል፣ ይከብዳል፣ ግን ሁሉም ገጾቹ ብርሃኑን በራሳቸው ስለሚያንጸባርቁ የመስታወት ቅብ አይፈልግም። ኤችቲ 95 በመቶ ብርሃን ያሳልፋል። ኤስኤልሲ 8 በ56 ግን ከ1.2 ኪሎ በላይ ይመዝናል።

ይህን ግዙፍ ዕቃ ወደ ባሌና አርሲ ደጋ ይዞ የሚመጣ የውጭ አገር አዳኝ አለ፤ የደጋ አጋዘን ፍለጋ። ሲመሽ ከአስታው ቁጥቋጦ ጥግ ብቅ የሚለውን እንስሳ ቀንድ እንዳለው ማረጋገጥ ግዴታው ነው፤ ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ነውና። ይሁን እንጂ የእኛ ምሽት የአውሮፓ ምሽት አይደለም። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ቶሎ ይጨልማል፤ በሰሜን ግን ብርሃኑ እያቅማማ ይቆያል። ለዚያ ረጅም ማቅማማት የተሠራው 8 በ56 እዚህ ጥቅም የሚሰጠው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ የቀረውን ቀን አንገት ይጎትታል። አዳኙ ዕድሜው 60 ከሆነማ ብሌኑ እንደ ወጣትነቱ ስለማይከፈት ከሚወጣው 7 ሚሊ ሜትር ክብ ከፊሉ ዓይኑ ውስጥ ሳይገባ ይቀራል። በ8 በ42 የሚወጣው 5.25 ሚሊ ሜትር ለዚህ ሰው ይበቃዋል። ያንን መስታወት የሠሩት እጆች አልተሳሳቱም፤ የሠሩት ለሌላ ሰማይና ለሌላ ዓይን ነው።

ደጋውን ካነሣን አይቀር፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ያለው የሳነቴ አምባ ለፎከስ መዘውር ጥብቅ መርማሪ ነው። ጎህ ሳይቀድ ብርዱ በመዘውሩ ውስጥ ያለውን ግሪስ ያጠነክረዋል። ጥሩ የተባለው መዘውር በቀትርም በውርጭም በአንድ ጣት፣ ሳይንገራገጭ ይዞራል። ውስጡ ናይትሮጅን ስለተሞላ ከብርድ ወደ ሞቀ መኪና ሲገቡ ሌንሱ ከውጭ ቢያልበው እንጂ ከውስጥ ጉም አይዝም።

አንድ ነገር ግን ያስገርመኛል። ያው የአብሳም ቤት፣ ስዋሮቭስኪ፣ ሲቋቋም የጀመረውን ሀቢሽት የተባለ የፖሮ ባይኖኩላር ለአሥርተ ዓመታት ሲሠራ ኖሯል። የጣሪያ ጠርዝ የለውም፣ የሞገድ እርማት አያስፈልገውም፣ የሚቀባ የመስታወት ገጽ የለውም፤ አራቱም ነጸብራቆቹ ከራሳቸው የሚመጡ ናቸው። የ7 በ42ቱ ሀቢሽት 96 በመቶ ብርሃን ያሳልፋል፤ ዋጋው ከኤንኤል ከግማሽ በታች ሆኖ በብርሃን ይበልጠዋል። ስፋቱ ግን ማጉላቱ ወደ 7 እጥፍ ዝቅ ብሎ እንኳ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ 114 ሜትር ብቻ ነው፤ በጠባብ መስኮት እንደ ማየት ያለ ነው። የዓይን ሌንሶቹ ከውጭ ስለሚንቀሳቀሱ ውኃ እንዳይገባ በጥብቅ ታሽገዋል፤ ስለዚህ መዘውሩ ጉልበት ይፈልጋል። ማማ ላይ ተቀምጦ አንድ የጫካ ጠርዝ ለሚጠብቅ አዳኝ ይህ ችግር አይደለም፤ ፎከሱን አንዴ ካስተካከለ ጨርሷል። ቺፍቻፏን ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ለሚከተል ሰው ግን መዘውሩ ዞሮ እስኪደርስ ወፏ ሌላ ዛፍ ላይ ናት።