የተሰወረ ትውልድና የማይሰወር መልክ፤ ስለ «ባለ ቀለሟ ሴት» የቀረበ አስተያየት

በእንግሊዝ አገር ከ1811 እስከ 1820 ያለው ጊዜ የእንደራሴነት ዘመን ይባላል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ንጉሡ ጆርጅ ሣልሳዊ በአእምሮ ሕመም ምክንያት መንግሥቱን ለመምራት ስላልቻለ ልጁ እንደራሴ ሆኖ የገዛበት ዘመን ነው። ጆርጄት ሄየር በ1935 «ሬጀንሲ ባክ» የተባለውን መጽሐፍ ካሳተመች ወዲህ፥ ይህን ዘመንና አካባቢውን መቼት ያደረጉ የፍቅር ልብ ወለዶች ራሳቸውን የቻሉ አንድ የድርሰት ወገን ሆነዋል።

በዚህ ወገን ድርሰቶች ከሚዘወተሩት ዘዴዎች አንዱ የተሰወረ ትውልድ ነው። ሄየር ራሷ በ1926 ባሳተመችው «ዚዝ ኦልድ ሼድስ» በተባለው መጽሐፍ፥ ታሪኩ ከእንደራሴነቱ ዘመን ቀድሞ በሉዊ 15ኛ ፈረንሳይ የሚፈጸም ቢሆንም፥ የዘዴውን ሙሉ መልክ እናገኛለን። የባላባት ልጅ በተወለደች ጊዜ ከገበሬ ልጅ ጋር ትለወጣለች፤ በድኽነት ብታድግም ጠባይዋ ጨዋነቷን ያሳብቃል። በእርሷ ፈንታ በባላባቱ ቤት ያደገው የገበሬ ልጅ ግን የሚመኘው እርሻ ነው። የመጽሐፉ ፍሬ ነገር በእኛ ቋንቋ «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚባለው ነው። አንባቢው ምስጢሩ ሲገለጥ ደስ የሚለው ፍርድ የተስተካከለ ስለሚመስለው ነው፤ ነገር ግን የተስተካከለው የአንዲት ልጅ ዕድል እንጂ ሰውን በዘር የሚመዝነው ሚዛን አይደለም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። የልጅቱ ትውልድ በመልኳ የሚነበብ በሆነ ጊዜ ይህ ዘዴ ምን ይሆናል? ለዚህ መልስ የሚሰጠን ከእንደራሴነቱ ሦስት ዓመት ቀድሞ በ1808 በለንደን የታተመው «ባለ ቀለሟ ሴት» የተባለው ልብ ወለድ ነው። ደራሲው ስሙን አልገለጠም፤ ማንነቱም እስካሁን በእርግጥ አልታወቀም። መጽሐፉ ብዙ ዘመን ተረስቶ ከቈየ በኋላ በሊንደን ዶሚኒክ አዘጋጅነት እንደገና ታትሟል።

ባለታሪኳ ኦሊቪያ ፌርፊልድ በጃማይካ የአንድ እንግሊዛዊ ባለርስትና ማርሲያ የተባለች አፍሪካዊት ባሪያ ልጅ ናት። አባቷ ሲሞት 60,000 ፓውንድ የሚያወርሳት ወደ እንግሊዝ አገር ሄዳ የአክስቷን ልጅ አውግስጦስ ሜርተንን ብታገባ ነው፤ እርሱ እምቢ ቢል ገንዘቡ ለታላቅ ወንድሙ ይሆናል። እርሷም በመንገድ ያየችውንና የደረሰባትን ሁሉ ለቀድሞ አስተማሪዋ በደብዳቤ ትጽፋለች።

የዘመኑን ሕግ ሳያውቁ ይህን ኑዛዜ ማስተዋል አይቻልም። በእንግሊዝ ሕግ ያለ ጋብቻ የተወለደ ልጅ የማንም ልጅ እንዳልሆነ ይቈጠር ነበር፤ በቅኝ ግዛቶቹ ደግሞ የባሪያ ልጅ የእናቱን ዕጣ ይከተል ነበር። የጃማይካም ምክር ቤት በ1761 ባወጣው ሕግ፥ ያለ ጋብቻ የተወለዱ ክልሶች በኑዛዜ ሊወርሱት የሚችሉትን ሀብት በ2,000 ፓውንድ ወሰነው። ስለዚህ ኦሊቪያ በሁለት የትውልድ አቈጣጠር መካከል የቆመች ናት፤ ስሟ የአባቷ ነው፥ ሰዎች የሚመለከቷት ግን በእናቷ ዕጣ ነው። የአውግስጦስ ወንድም ሚስት በማዕድ ላይ ሩዝ ስታስቀርብላት፥ ከባሮች ወገን መሆኗን ልታሳስባት ነበር። ኦሊቪያ ነገሩ ገብቷት ያለ ቍጣ ትመልሳለች፤ ባሮቹንም ወንድሞቼና እኅቶቼ ብላ ትጠራቸዋለች።

የመጽሐፉ ብልኅነት ከዚህ ቀጥሎ ይታያል። ኦሊቪያ የምትሰውረው ነገር የላትም፤ ምስጢሩ ያለው በነጮቹ ዘንድ ነው። አውግስጦስ ቀድሞ በስውር ያገባት አንጀሊና ሞታለች ተብሎ ሲታመን በሕይወት ተገኘች፤ ልጅም አላት። ይህን ተንኰል የሸረበችውም ያችው የወንድሙ ሚስት ናት። በሌሎቹ ድርሰቶች የምስጢር መገለጥ ባለታሪኳን ወደ ክብር ያወጣታል፤ በዚህ ግን ጋብቻዋን ያፈርሰዋል። ኦሊቪያም ራሷን እንደ መበለት ቈጥራ፥ ሌላ የጋብቻ ጥያቄ ቢቀርብላት ሳትቀበል፥ በጃማይካ ያሉትን ባሮች ለማስተማርና ለመርዳት ትመለሳለች። አንዲት ሴት ያለ ባልና ያለ ተገለጠ የጨዋ ዘር ክብሯን ይዛ እንድትቆም መፍቀድ ለዚያ ዘመን ደራሲ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጒድለቱ ግን መታለፍ የለበትም። አገልጋይቱ ዲዶ በተሰባበረ እንግሊዝኛ እንድትናገርና እንድታስቅ ተደርጋለች፤ የኦሊቪያ ክብር በጠራ አነጋገሯና በትምህርቷ ሲመሰከር ዲዶ በዚሁ ሚዛን ቀልላ ትቀራለች። ከዚህም የከበደው የ60,000ው ፓውንድ ነገር ነው። መጽሐፉ የታተመው የእንግሊዝ ምክር ቤት የባሪያ ንግድን በሕግ በከለከለ በዓመቱ ነው፤ ባርነቱን ራሱን የሚሽረው ሕግ ግን የወጣው በ1833 ነው። ደራሲው የኦሊቪያን አባትና እናት ሳያፍር ሲነግረን፥ የገንዘቡን አባትና እናት አይነግረንም፤ የባለርስቱ ሀብት የማን ላብ እንደ ሆነ ሊመረምር አይፈልግም። እንግዲህ በዚህ መጽሐፍ በእውነት የተሰወረው ትውልድ የሰው ሳይሆን የሀብት ነው።

በመጨረሻም ደራሲው ዓላማው የተናቀውን አፍሪካዊ በርኅራኄ ዐይን ማሳየት መሆኑን ይገልጣል። ርኅራኄ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚራራ ሰው ሚዛኑን በእጁ እንደ ያዘ ይቀራል። ሆኖም መጽሐፉ ራሱ ከደራሲው ዓላማ አልፎ ይሄዳል። ኦሊቪያ በማዕዱ ላይ ስትመልስ ርኅራኄ አልለመነችም፤ ዝምድናዋን መሰከረች እንጂ። ይህን ድርሰት ከሄየር ጋር አስተያይቶ የሚያነብ ተማሪ፥ ዘርን በመግለጥ የሚገኝ ክብርና ዘርን ባለመካድ የሚገኝ ክብር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ይረዳል።