አረንጓዴው ብርሃን

ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት ፎቶ አንሺ ቆቃ ላይ የሠራውን አሳየኝ። ሁለት ፎቶ በአንድ ላይ ተደራርቧል፤ የጠቆረው ግራር ውስጥ የሐይቁ ውኃ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። «እንዴት ነው ጋሼ?» አለኝ። «ያምራል» አልኩት። የከነከነኝም ማማሩ ነው።

ፊልሙን ሳያጠነጥኑ ሁለቴ ሲያነሱ፣ ሁለተኛው ምስል ጎልቶ የሚወጣው የመጀመሪያው በጨለመበት ነው፤ ብርሃን በበዛበት ይዋጣል። እናም ደራቢው ምን እንደሚታይና ምን እንደሚጠፋ ይመርጣል።

ቆቃ ራሱ እኮ ድርብ ፎቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ግድቡ ተመርቆ ሐይቁ ሲተኛ፣ የሰው ማሳና የግጦሽ መሬት ከሥሩ ቀርቷል። ያ ያማረ አረንጓዴስ? ቆሻሻ ፍሳሽ ያፋፋው አልጌ ነው፤ ማይክሮሲስቲስ የሚባለው ዓይነት ሰውንም ከብትንም የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። አልጀዚራ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳየው ፊልም ሰዎች ይህንኑ ውኃ ሲጠጡ አይተናል።

ሙከራን ጠልቼ አይደለም። አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ውኃ ችግር ዳሎል ላይ በሠራቻቸው ፎቶዎች ቀለሙም አቋቋሙም የታሰበበት ነው፤ ውኃ የምትሸከመው ሴት ግን አልጠፋችም።

«እዚህ ጋ ሰው አልነበረም?» አልኩት፣ የነጣውን ጥግ እያሳየሁት።

«ጀሪካን የያዘች ሴት ነበረች። ሰማዩ ዋጣት።»

ልጄ፣ ቆጡን አወርድ ብለህ የብብትህን ጣልክ። ተመለስና አንሳ። የግራሩን ጥላ እሷ ላይ አሳርፈው፤ ያኔ ትታያለች።