እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፦ ከፒያኖው በፊት ቫዮሊን፣ ከዜማው በኋላ ቃል

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በዓለም የታወቁት በፒያኖ ነው። ፒያኖ ደግሞ ቃል የለውም። ስለዚህም ለረጅም ጊዜ ስለ እርሳቸው ሙዚቃ የተነገረውን ቃል ሁሉ ያዋጣው አድማጩ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንዱ ብሉዝ ሰማሁ አለ፤ ሌላው የፈረንሳዩን ኤሪክ ሳቲን አስታወሰ፤ በ2017 በቢቢሲ ሬዲዮ የተላለፈ ዝግጅት ደግሞ መነኩሲቱን «ሆንኪ ቶንክ» በሚል ቅጽል ጠራቸው። ሆንኪ ቶንክ የአሜሪካ መጠጥ ቤቶችና በዚያ የሚሰማው የፒያኖ ስልት ስም ነው። ቅጽሉ በእንግሊዝኛ ፈገግ ያሰኝ ይሆናል፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ ግን «የመሸታ ቤቷ መነኩሲት» ሆኖ ያርፋል። ተርጓሚ እንዲህ ያለ ስያሜ ሲገጥመው ችግሩ ከመዝገበ ቃላቱ ሳይሆን ከሰያሚው ጆሮ መሆኑን ይረዳል።

በ2024 «ሱቬኒርስ» በሚል ርዕስ በአሜሪካው ሚሲሲፒ ሪከርድስ የታተመው አልበም ይህን የሌሎች ቃል በባለቤቷ ቃል የሚተካ ነው። በዚህ አልበም እማሆይ ፒያኖ ከመጫወታቸውም በላይ በገዛ ድምፃቸው ያንጎራጉራሉ። ቀረጻው የተከናወነው በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ በአዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት፣ በተራ የካሴት መቅጃ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እኛ በኬንያ በኩል ያለነው እንደምንቆጥረው በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እርሳቸው ግን ኅትመቱን አላዩትም፤ በ2023 በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ዐርፈዋል።

የሕይወታቸውን ታሪክ በአጭሩ ማውሳት ያስፈልጋል፤ ሙዚቃቸው ያለ እርሱ አይገባምና። በ1923 በአዲስ አበባ ሲወለዱ የተሰጣቸው ስም የውብዳር ነበር። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በዘመኑ ከነበሩት የውጭ ትምህርት ካገኙ ጥቂት ኢትዮጵያውያን አንዱ ነበሩ። የውብዳር በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋር ወደ ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ። ስንዱ ኋላ ደራሲና የትምህርት ቤት ኃላፊ ሆኑ፤ በ1957ም ለኢትዮጵያ ፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ለመሆን በቁ። ከአንድ ቤት አንደኛዋ ቃልን፣ ሁለተኛዋ ዜማን ይዘው ወጡ ማለት ነው፤ ቢያንስ እስከ 2024 ድረስ እንዲያ ይመስለን ነበር።

የውብዳር በስዊዘርላንድ የተማሩት ቫዮሊን ነበር። በ1933 ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በ1937 ግን ፋሺስት ኢጣሊያ ቤተሰቡን በግዞት ወደ አሲናራ ደሴት፣ ከዚያም በኔፕልስ አቅራቢያ ወዳለችው መርኮሊያኖ ወሰደው። ከነጻነት በኋላ ወደ ካይሮ ሄደው ፖላንዳዊው ቫዮሊኒስት አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተማሩ፤ በቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት በቫዮሊንና በፒያኖ ይለማመዱ እንደነበር ይነገራል። የካይሮ ሙቀት ግን ጤናቸውን ስለ ነሣቸው ተመለሱ። ኮንቶሮቪችም ወደ አዲስ አበባ መጥተው የክቡር ዘበኛን የሙዚቃ ክፍል መሩ። ክቡር ዘበኛ ኋላ ጥላሁን ገሠሠን የመሰለ ድምፃዊ የወጣበት ቤት መሆኑን ስናስብ፣ የመነኩሲቱ ፒያኖና የአዲስ አበባ ዘመናዊ ዘፈን ከአንድ አስተማሪ ደጃፍ የተነሡ ዘመዳሞች መሆናቸው ይገለጥልናል። በ2006 «ኤቶፒክ» የተባለው ተከታታይ ኅትመት 21ኛ ቁጥሩን ለእማሆይ ፒያኖ ሲሰጥ፣ መነኩሲቱን ከዘፋኞቹ ጎን ማስቀመጡ ሳያውቀው ዘመዳሞችን ማገናኘቱ ነበር።

ለንደን ሄደው ሙዚቃ እንዲማሩ የተገኘው ዕድል ፈቃድ ተነፍጎት ሲቀር፣ ወጣቷ እህል እንቢ እስከማለት ደረሱ። ከዚያም ወደ ግሸን ማርያም ወጥተው በሃያ አንድ ዓመታቸው መነኮሱ፤ ዐሥር ዓመት ያህልም በዚያ ኖሩ። በ1960ዎቹ በጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ ተማሩ፤ ሸክላ ማሳተም የጀመሩትም በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚያድሩትን የቆሎ ተማሪዎችና ሌሎች ችግረኞችን ለመርዳት ነበር።

እንግዲህ ቫዮሊኑ የት ደረሰ? በኔ ጆሮ አልጠፋም፤ ፒያኖው ውስጥ ገባ። ቫዮሊን ድምፅን እንደ ሰው ጉሮሮ አስረዝሞ ይይዛል፤ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው ሳይነሣ ይንሸራተታል። በዚህ ጠባዩ የመሰንቆ የቅርብ ዘመድ ነው። ፒያኖ ግን አንድ ጊዜ ከተመታ በኋላ ድምፁ እየሞተ ይሄዳል፤ በሁለት ቁልፎች መካከልም መንሸራተቻ የለውም። የእማሆይ ቀኝ እጅ በአንዱ ኖታ ዙሪያ በፍጥነት እየተርገበገበ የሚያልፈው፣ ምቱም እንደ ሰው ትንፋሽ አንዴ የሚዘገየው አንዴ የሚቸኩለው፣ ቀስት የለመደ እጅ ቀስት በሌለበት መሣሪያ ላይ ያንኑ ርዝመትና ያንኑ መንሸራተት ስለሚሻ ነው። የውጭ አድማጭ ይህን ብሉዝ ይለዋል። በትዝታና በአንቺሆዬ ቅኝት ያደገ አድማጭ ግን መሰንቆውንና ድጓውን ይሰማበታል።

«ሱቬኒርስ» ለዚህ አስተያየት ማስረጃ ይሰጣል። ድምፃዊቷና ፒያኒስቷ አንድ ሰው ሲሆኑ የፒያኖው ቀኝ እጅ ዜማውን ከጉሮሮ ተቀብሎ ይከተላል፤ ጉሮሮው ሲያርፍ ደግሞ ትቶ የሄደውን ይሞላል። ለዓመታት ጌጥ የመሰለን ሁሉ ዝማሬ እንደነበር የምናውቀው እዚህ ነው። ከመስኮቱ ውጭ ወፎች ይሰማሉ፤ የመቅጃው ድምፅም ይሰማል። እነዚህ ጉድለቶች አይደሉም። ጉድለቱ ሌላ ነው፦ ድምፃቸው የሠለጠነ የመድረክ ድምፅ ስላልሆነ ከፍ ባለው ዜማ ላይ ይሳሳል፤ የዘፈኖቹም አካሄድ ስለሚመሳሰል በአንድ ቁጭታ ለሚሰማ ሰው እርስ በርስ ይቀላቀሉበታል። አልበሙ ቃሉን ለማይከታተል አድማጭ እንደ ፒያኖ ሥራዎቻቸው አይከፈትም።

ቃሉን ለሚከታተል ግን ሌላ ዓለም ነው። መነኩሲት ስለ አገርና ስለ ናፍቆት ስታዜም ምን እንበለው? እንግሊዝኛው በአንድ ቃል ይገላገላል፤ አማርኛችን ግን «ዘፈን ነው ወይስ መዝሙር?» ብሎ በር ላይ ያቆመናል። ሥራው ለማኅሌት አይቆምም፤ ለሠርግም አይዘፈንም። ምናልባት «እንጉርጉሮ» የሚለው ይቀርበው ይሆናል። በአገር ቤት ብዙ ሳይታወቁ መኖራቸው አንዱ ምክንያት ይህ ስም አልባነት ነው ብዬ እገምታለሁ።

የዘፈኖቹ ርዕሶች ለገበያ የቀረቡት ባብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ ተርጓሚም ቅሬታው ከዚህ ላይ ይጀምራል። አንደኛው ርዕስ፣ ሌላ አገር የሚኖርን ሰው፣ በዚያ ፀሐይ ይሁን ደመና ይጠይቃል። የእንግሊዝኛው ተጠያቂ ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ይሁን ብዙ፣ ታናሽ ይሁን የተከበረ አይታወቅም። አማርኛ ግን አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እናንተ ብሎ ሳይመርጥ መጠየቅ አይችልም፤ ስለዚህ የጥያቄው ፍቅር መጠን ያለው ርዕሱ ላይ ሳይሆን ዘፈኑ ውስጥ ነው። ሌላው ርዕስ የሐሳብን መንገድ «ሃይዌይ» ይለዋል፤ የሞያሌ ሰው ይህን ሲያነብ በዐይኑ የሚመጣበት ከኢሲዮሎ የተዘረጋው አስፋልትና የጭነት መኪናው ነው። «ጎዳና» ብንለው ኖሮ ሰውም ሐሳብም ይሄድበት ነበር። ከእማሆይ ዘፈኖች አንዱ ደግሞ ስለ ተቆጣ ባሕር የሚናገር የፈረንሳይኛ ርዕስ አለው። በልጅነታቸው ለትምህርት፣ በወጣትነታቸው ለግዞት ባሕር የተሻገሩ የደገኛ ልጅ መሆናቸውን ለሚያውቅ፣ ይህ ባሕር ከመጽሐፍ የተቀዳ አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፦ እነዚህ የስደት ዘፈኖች የተዘፈኑት አገር ቤት ተቀምጠው ነው። ጊዜው የደርግ ዘመን ነበር፤ ወዳጅ ዘመድ የሚሞትበት፣ የሚታሰርበት፣ የሚሰደድበት። እማሆይ ወደ ኢየሩሳሌም የሄዱት በ1984 ነው። እንግዲህ በካሴቱ ላይ የምንሰማው ሰው አገሩን ሳይለቅ አገሩ ከዙሪያው እየለቀቀው የሚያንጎራጉር ነው። ስደት ድንበር በመሻገር ብቻ እንደማይጀመር ይህ አልበም ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ ያስረዳል።

በሞያሌ ይህን ማስረዳት አያሻም። በ2018 ከማዶ በተተኮሰው ጥይት ሳቢያ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደዚህ ሲሻገሩ፣ ትተውት የመጡትን ቤት ከተጠለሉበት ቦታ ማየት የሚችሉ ነበሩ። በሁለቱም ወገን ያለው ደመና አንድ ነው፤ ጥያቄው ግን ያው ነው።

ስለዚህ አልበሙን ለሚያገኝ ሰው አንድ ምክር አለኝ። በመጀመሪያ ዘፈኖቹን፣ ቃላቸውን እየተከታተለ ይስማ፤ ከዚያ ወደ 2006ቱ የፒያኖ ኅትመት ይመለስ። ያን ጊዜ ፒያኖው ቃል አልባ ሆኖ አይሰማውም። የመሸታ ቤትም አይመስለውም።