የእሳት ልክ

የሐኪሙ እጅ በበሽተኛው ብሽሽት ላይ ነው፤ ሥራው ግን ልብ ውስጥ ነው። ቀጭኑ ካቴተር በደም መላሽ ሥር ሽቅብ ወጥቶ ከልብ ቀኝ የላይኛ ክፍል ይደርሳል። ቀኙን ከግራው የሚለየው ግድግዳ ከሁሉ በሚሳሳበት ቦታ፣ በአልትራሳውንድ እየታየ፣ በመርፌ ይበሳል። መርፌው ጥቂት ከሳተ አጠገቡ ያለው አኦርታ ነው።

ሕመሙ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይባላል። የልብ የላይኛ ክፍሎች በሥርዓት መኮማተሩን ትተው ይርገፈገፋሉ፤ ምቱ ይዘበራረቃል፤ ደም ይረጋና ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1998 ሚሼል ሃይሳጌርና የቦርዶ ባልደረቦቹ፣ ፈረንሳይ ውስጥ፣ የ45 ሕሙማንን ልብ ከውስጥ መርምረው ያገኙትን አሳተሙ። ሁከቱን ከሚቀሰቅሱት 69 ነጥቦች 65ቱ የተገኙት ከሳንባ ደም በሚያመጡት ሥሮች ውስጥ ነበር። ሥራው ከዚያ ወዲህ መልክ ያዘ፦ የሥሮቹን አፍ ዙሪያውን ተኩሶ፣ የተዛባው ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ በጠባሳ ማጠር።

ሙያው ያለው በመተኮሱ ልክ ላይ ነው። ግድግዳው እዚህ ጋ ውፍረቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሕዋሱ እንዲሞት ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፍ አለበት፤ ከመጠን ሲያልፍ ሥጋው ውስጥ ያለው ውሃ ፈልቶ ይፈነዳል። ስለዚህ በካቴተሩ ጫፍ ጨዋማ ውሃ እየፈሰሰ ያቀዘቅዘዋል። ጫፉ ግድግዳውን የሚጫነው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ግራም በሚሆን ኃይል ነው፤ ከላላ ጠባሳው አይጠልቅም፣ ከጠነከረ ይበሳል። ከኋላ የምግብ ቧንቧው ተጠግቶ ስላለ የእሱም ሙቀት ይለካል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ልብ እየመታ፣ ደረት ከፍ ዝቅ እያለ ነው።

እሳትን በልክ የመያዝ ዕውቀት ለጎንደር እንግዳ አይደለም። ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ያለችው ወለቃ የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች መንደር ነበረች። ሴቶቹ በእጃቸው ያበጁት ሸክላ እሳት ካነሰው አይበስልም፤ ድንገት ከበረታበት ይሰነጠቃል። ልኩን የሚያውቁት እነዚህ ሰዎች «ቡዳ» እየተባሉ ተንቀው ኖረዋል። ዛሬ ልባችንን አምነን የምንሰጠው እሳትን በልክ ለሚይዝ እጅ ነው፤ የእጅ ሙያ ክብር ዘግይቶም ቢሆን ሊከፈል ይገባል።

ወደ ልቡ ስንመለስ፣ ነጥብ በነጥብ የተሠራው የጠባሳ ክብ ሲገጥም ማረጋገጫው ይመጣል። ሥሩ ውስጥ ያለው ሌላ ካቴተር ሲመዘግበው የነበረው ምልክት ድንገት ይጠፋል። አንዳንዴ ሥሩ ለብቻው መርበትበቱን ይቀጥላል፤ ልቡ ግን ሳይነካው በሰላም ይመታል። አንዲት ክፍተት ከቀረች ሁከቱ በእሷ ሊመለስ ይችላል።

የሙያው ከፍታ እጅ ከመንቀሳቀሱ በፊት በሚሰጥ ውሳኔም ይለካል። በአገራችን ከዚህ ሕመም ጀርባ ብዙ ጊዜ የሚገኘው፣ በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን ቫልቭ የሚያጠብበው ሩማቲክ የልብ በሽታ ነው። ቫልቩ በጠበበበት ልብ የላይኛው ክፍል ተለጥጦ ጠባሳ አበጅቷል፤ የሥሮቹን አፍ ብቻ ማጠር አይበቃውም። የጠበበውን ቫልቭ በፊኛ ወይም በቀዶ ሕክምና ማስተካከል፣ ደሙም እንዳይረጋ ዋርፋሪን መስጠት ይቀድማል። የእሳቱን ልክ የሚያውቅ ሐኪም መቼ መተኮስ እንደሌለበትም ያውቃል፤ በዚህ ሙያ ከሁሉ አስበልጬ የማከብረው ይህን ነው።