«እሠራለሁ» እና «ሠርቻለሁ»

በዚህ ዓምድ ልብ ወለድና ግጥም ስንገመግም ቆይተናል። ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት ግን የሥራ ማመልከቻ ነው። አትሳቁ። ብዙዎቻችሁ በዚህ ዓመት ከምትጽፉት ግጥም ይልቅ የምትጽፉት ማመልከቻ ይበልጣል። ግጥማችሁን ሰምቶ አስተያየት የሚሰጥ ወዳጅ አታጡም፤ ማመልከቻችሁን ያነበበው ሰው ግን ምን እንዳልወደደ ሳይነግራችሁ ዝም ይላችኋል።

የማመልከቻው ጸሐፊ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ነው። አዎ፣ ቅጂው በብዙ ቤት ግድግዳ ላይ የሚታየውን «የመጨረሻው እራት» የሣለው ሰው። እ.ኤ.አ. በ1482 ገደማ፣ ዕድሜው 30 ላይ ሳለ፣ ከፍሎረንስ ወጥቶ ሚላን ሥራ ለመያዝ ፈለገና ለከተማዋ ገዥ ለሉዶቪኮ ስፎርዛ ደብዳቤ አዘጋጀ። ደብዳቤው ዛሬም ሚላን በሚገኘው በአምብሮዚያና ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። የተረፈው ቅጂ በራሱ እጅ የተጻፈ አይደለም፤ ጽሕፈቱ የሚነበብለት ሰው ፈልጎ ሳያስገለብጥ አልቀረም። ሊዮናርዶ ግራኝ ስለ ነበር ማስታወሻውን ከቀኝ ወደ ግራ ነበር የሚጽፈው፤ እንዲያ ያለ ማመልከቻ ማን ያነብለታል?

ደብዳቤው የት እንደ ተወለደ፣ ማን ዘንድ እንደ ተማረ በመናገር አይጀምርም። የጦር መሣሪያ ሊቅ ነን የሚሉ ሰዎችን ሥራ ተመልክቶ ከተለመደው የተለየ ነገር እንዳላገኘበት በአጭሩ ይናገርና በቁጥር ወደ ተለዩ ነጥቦች ይገባል። ለመሸከም ቀላል የሆነ ድልድይ፤ በከበባ ጊዜ ምሽግ ከከበበው ቦይ ውሃውን ማስወገጃ ዘዴ፤ ከቦታ ቦታ ለማጓጓዝ የማያስቸግር መድፍ፤ የጠላትን ሰልፍ ሰንጥቆ የሚገባ የተሸፈነ ሠረገላ። ዘጠኙ ነጥቦች የጦርነት ናቸው። በአሥረኛው ስለ ሰላም ጊዜ ያነሣል፤ ሕንፃ መሥራትና ውሃን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላው መውሰድ ይችላል። ሥዕልስ? ሥዕል የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ከሐውልት ሥራ ቀጥሎ፣ በጣት በሚቆጠሩ ቃላት ነው።

ምክንያቱ አንባቢው ነው። ሉዶቪኮ ጦርነት በማያጣው አገር ሥልጣኑን ለማጽናት የሚታገል ገዥ ነበር። እንቅልፍ የነሣው ግድግዳውን ማን እንደሚያስጌጥለት ሳይሆን ምሽጉን ማን እንደሚጠብቅለት ነው። ለሟች አባቱ መታሰቢያ የነሐስ ፈረስ ማሠራት እንደሚፈልግም ሊዮናርዶ ያውቃል፤ እርሱንም እሠራለሁ ይላል።

አሁን የእኛን ማመልከቻ አጠገቡ አስቀምጡት። አራት ኪሎ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ቆማችሁ ክፍት የሥራ ቦታ ትመዘግባላችሁ፤ ከዚያ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ትገባላችሁ። ጸሐፊዋ ኮምፒውተሯ ላይ ያዘጋጀችው አለ፤ «ጉዳዩ፦ ሥራ ስለመጠየቅ። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው...»። አድራሻው ብቻ እየተቀየረ ለባንክም፣ ለሆስፒታልም፣ ለዶሮ እርባታም ይሄዳል። ሲቪው ላይ ደግሞ «ታታሪ፣ ታማኝ፣ በግልም ሆነ በቡድን መሥራት የምችል» ይላል። የዚህ ዐረፍተ ነገር ጉድለት ሐሰት መሆኑ አይደለም። ማንም ሊፈርምበት መቻሉ ነው፤ ሰነፉም ይፈርምበታል። ሰባት ቃላት አሉት፣ ከሰባቱ አንዱም ስለ እናንተ አይናገርም።

ደብዳቤውን ደጋግሜ ሳነብ ከሁሉ በላይ የገረሙኝ ግሦቹ ናቸው። ሊዮናርዶ እስከዚያ ጊዜ በሥዕል እንጂ በጦር መሣሪያ የታወቀ ሰው አልነበረም። ታዲያ ዋሽቷል? አንዳንዶች በጉራ ይከሱታል፤ ጉራስ አለበት። ነገር ግን አብዛኞቹ ግሦቹ «ዘዴው አለኝ»፣ «አውቃለሁ»፣ «እሠራለሁ» የሚሉ ናቸው። ይህን ያህል ድልድይ ሠርቻለሁ፣ እገሌ የሚባለውን ጦርነት በእኔ መድፍ አሸነፉ አይልም። መጨረሻ ላይ ደግሞ ከዘረዘርኩት አይቻልም የምትሉት ካለ በግቢያችሁም ሆነ በፈለጋችሁት ቦታ ሠርቼ ላሳይ ይላል። ከደብዳቤው ሁሉ የምወደው ይህን ነው። ሠርቼ ላሳይ ለማለት የሚደፍር ሰው ቃሉ ሲመዘን ምን ያህል እንደሚወጣ አስቀድሞ አስቦበታል።

ይህን ልዩነት ያወቅሁት ተዋርጄ ነው። የተመረቅሁ ሰሞን ሲቪዬ ላይ «በኤክሴል ሠርቻለሁ» ብዬ ጻፍሁ። ጓደኛዬ ሲቪ ላይ አይቼው ነው፤ ሁሉም ሰው የሚጽፈው መሰለኝ። አንድ መሥሪያ ቤት ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። ከፈታኞቹ አንዷ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረችና «እስቲ የአምስት ሰው የደመወዝ ሠንጠረዥ ይሥሩልን» አለች። እኔ የማውቀው ፊደሉን ማድመቅ ብቻ ነበር። ለረጅም ደቂቃ አደመቅሁ። ስወጣ በዕድሜ የገፉት ፈታኝ «ልጄ፣ እማራለሁ ብለህ ብትጽፍ ምን ነበረበት?» አሉኝ። በማግስቱ እሑድ ለታዳጊዎች ስለ እውነተኛነት የማስተምርበት ተራዬ ነበር። ተራዬን ለሌላ ሰጠሁ።

የተቃራኒው ስህተት ግን በእኛ መካከል ይብሳል ባይ ነኝ። በቅርቡ ከወጣቶች ኅብረታችን አንዲት እህት ሲቪዋን እንዳይላት አመጣችልኝ። በአካውንቲንግ ተመርቃለች፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፋለች። «የሥራ ልምድ» ከሚለው ሥር «የለም» ብላ ጽፋለች። ይህች ልጅ ሦስት ዓመት የኳየሩ ገንዘብ ያዥ ነበረች! ወርኃዊ መዋጮ ትሰበስባለች፣ ደረሰኝ ትቆርጣለች፣ ዩኒፎርም ሲሰፋ የሦስት ልብስ ሰፊዎችን ዋጋ አወዳድራ ታቀርባለች፣ በየሦስት ወሩ ሪፖርት ታነባለች። ለምን አልጻፍሽውም ብላት «ጋሼ፣ እሱ እኮ አገልግሎት ነው። ደግሞ ስለ ራስ ማውራት ደስ አይልም» አለችኝ።

ትሕትናዋን አከብራለሁ፤ «የለም» የሚለው ቃል ግን ትሑት አይደለም፣ ትክክል ያልሆነ መረጃ ነው። ነህምያ በንጉሡ ፊት ሲቆም የሚፈጅበትን ጊዜ፣ የሚያስፈልገውን ደብዳቤ፣ እንጨቱ ለምን ለምን እንደሚውል ለይቶ ተናገረ፤ ተኩራራ ያለው የለም። «ታማኝ ነኝ» ማለት ራስን ማወደስ ሊሆን ይችላል። «ሦስት ዓመት የመዘምራንን ገንዘብ ያዝሁ፣ በየሦስት ወሩ አስመረመርሁ» ማለት ግን የሆነውን መናገር ነው፤ ማወደሱን ለአንባቢው ትተውለታላችሁ።

ሌላው ቴክኒክ ነው፣ ብዙም አያከራክርም። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይለፍ። ማስታወቂያው የጠየቀውን አንብባችሁ ለዚያው መልሱ። ሲቪው ላይ የቅርቡን ሥራ ከላይ አድርጉት፤ ምስክር ትሆኑኛላችሁ የምትሏቸውን ሰዎች አስቀድማችሁ አስፈቅዱ።

ሊዮናርዶን በአንድ ነገር እወቅሰዋለሁ። ሚላን ገብቶ እስከ 1499 ድረስ ኖረ። የጦር መሣሪያዎቹ አብዛኞቹ ከወረቀት አልወጡም። የፈረሱን ሞዴል በሸክላ ሠርቶ ነበር፤ ነሐሱ ግን በ1494 መድፍ እንዲሠራበት ተወሰደ። ሚላን ያተረፈችው ያን የእራቱን ሥዕል፣ በገዳም የምግብ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ነው፤ በማመልከቻው መጨረሻ በጣት በሚቆጠሩ ቃላት ካለፈው ሙያ የመጣ። አንባቢውን ማሰቡ ደግ ነው፤ ነገር ግን በእጁ ያለውንና የተፈተነበትን ከሥር ቀበረው።

ያቺ እህትም እንዲሁ ነበር ያደረገችው። አብረን ተቀምጠን «የለም» የሚለውን ሰረዝንና በቦታው አራት መስመር ጻፍን። ሦስተኛው ላይ ተከራከርን፤ እኔ «የፋይናንስ ሥራ አመራር» ልል ፈልጌ ነበር፣ እሷ «ገንዘብ ያዥ ነው የነበርኩት» ብላ እንቢ አለች። የእሷ ቃል ጸደቀ። ማመልከቻውን ማክሰኞ አስገብታለች፤ መልሱ ገና አልመጣም።