ያልተጻፈ የቅጂ መብት ወይስ የስም ዕዳ? የኅትመት ልዩ መብትና የጅቡቲ ከተማ የሬዲዮ ዘፈኖች

ስለ ሶማልኛ ግጥም ከተጻፉት ሥራዎች ውስጥ የቢ. ደብልዩ. አንድርዜየቭስኪንና የአይ. ኤም. ሉዊስን የእ.ኤ.አ. 1964 መድበል ያህል የሚጠቀስ ጥቂት ነው። በመግቢያው የቀረበው አንድ ሐሳብ ከዚያ ወዲህ በየጥናቱ ይደጋገማል። የሌላውን ግጥም በቃሉ የያዘ ሰው ሲያሰማ የገጣሚውን ስም አስቀድሞ መጥራት፣ ቃሉንም ሳይለውጥ ማድረስ ግዴታው ነው፤ ይህም ያልተጻፈ የቅጂ መብት ነው ይላል። አስተውሎቱ ትክክል ነው። ስያሜው ግን ያሳስታል፤ መዘዙም በጅቡቲ ከተማ የሬዲዮ ክምችት ላይ ለሚሠራ የቋንቋ አጥኚ ቀላል አይደለም።

የቅጂ መብት ጥንተ ምንጩ ለአታሚዎች ይሰጥ የነበረው ልዩ መብት ነው። ቬኒስ እ.ኤ.አ. በ1469 ለዮሐንስ ዘስፓየር በከተማዋ መጻሕፍትን ብቻውን እንዲያትም የአምስት ዓመት ፈቃድ ሰጠች። በ1498 ኦታቪያኖ ፔትሩቺ የኅብረ ዜማ ድርሰቶችን ለማተም የ20 ዓመት መብት አገኘ። በእንግሊዝም ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ በ1575 ለቶማስ ታሊስና ለዊልያም በርድ የ21 ዓመት መብት ሰጠች። ታሊስና በርድ ራሳቸው የዜማ ደራሲዎች ቢሆኑም መብቱ የተሰጣቸው ስለ ድርሰታቸው ሳይሆን ስለ ኅትመቱ ነበር፤ የተጠበቀው ለፊደልና ለወረቀት ገንዘቡን ያወጣው ወገን ነው። የፔትሩቺ የመጀመሪያ መጽሐፍ፣ የ1501ዱ «ኦዴካቶን»፣ ይህን በግልጽ ያሳያል። 96 ድርሰቶች ይዞ ሲወጣ ከአብዛኞቹ ሥር የታተሙት የግጥሙ መነሻ ቃላት ብቻ ነበሩ። ዜማው በመንግሥት ጥበቃ ሥር ሲገባ ግጥሙ ከገጹ ወደቀ፤ ልዩ መብቱም ይህን የሚከለክልበት አንቀጽ አልነበረውም።

የሶማልኛው ልማድ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር አቅጣጫው ተቃራኒ ነው። ልዩ መብት «አትንካ» ይላል። ልማዱ ግን «ውሰድ፣ አሰማ፣ የማን እንደ ሆነ ግን ተናገር» ይላል። ግጥሙ እንዲዛመት ይፈልጋል፤ ከአሰሚው የሚጠይቀውም ገንዘብና ፈቃድ ሳይሆን ስምና ታማኝነት ነው። ታማኝነቱን ቋንቋው ራሱ ያግዘዋል። በግጥሙ ሁሉ አንድ የመነሻ ድምፅ በየስንኙ ስለሚደጋገም፣ ያንን ድምፅ የተሸከመውን ቃል በሌላ የተካ ሰው ወዲያው ይጋለጣል። የአማርኛ ስንኝ በአመዛኙ ቤት የሚመታው በመጨረሻው ስለ ሆነ አዝማሪ የመካከሉን ቃል እንደ ልቡ ይለውጣል፤ ግጥም ከታዳሚው ተቀብሎ ሲያዜምም የማንነቱ ጥያቄ እምብዛም አይነሣም። በቅኔ ቤት ደግሞ የሌላውን ቅኔ እንደ ራስ አድርጎ መዝረፍ ነውር ነው፤ መፍትሔው ግን ስም መጥራት ሳይሆን አዲስ መቀኘት ነው። እነዚህን ሦስት ልማዶች ሁሉ «የቅጂ መብት» በሚል አንድ ከረጢት መክተት ልዩነታቸውን ያጠፋል። ለሶማልኛው «የስም ዕዳ» የሚለው አጠራር ይቀርበዋል።

በጅቡቲ ከተማ ይህ ዕዳ ከልዩ መብት ጋር ተፋጠጠ። የአገሪቱ የሥራ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው። የሶማልኛ የላቲን አጻጻፍ በሞቃዲሾ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1972 ሲሆን፣ ዲሚስና ሬዶ ለአፋርኛ ያዘጋጁትም የዚያው ዘመን ሥራ ነው። ስለዚህ ለሁለቱ ቋንቋዎች ግጥም የማተሚያ ቤቱን ቦታ የያዘው ማይክሮፎኑ ነበር። ከሰኔ 1977 ነጻነት በኋላ ሙዚቃው በመንግሥትና በፓርቲ ጥላ ሥር ሲያድር፣ የሬዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅቱ የአታሚውን ወንበር ያዘ። ከማኅደሩ ጋር የሠራው የኒውዮርኩ ኦስቲናቶ ሬከርድስ እንደሚገልጸው በዚያ ከ5,000 በላይ የቴፕ ጥቅሎችና ካሴቶች አሉ። ኩባንያው ያወጣቸው የሁለት አልበሞች ባንዶች ስም ብዙ ይናገራል። አንደኛው «ግሩፕ ኤርቴዴ» በድርጅቱ ስም ይጠራል። ሁለተኛው «4 ማርስ» ገዢው ፓርቲ የተመሠረተበትን ቀን፣ መጋቢት 4 ቀን 1979ን ይዟል። በሁለቱም ስም ውስጥ ገጣሚ የለም።

የአዲስ አበባም ታሪክ ከዚህ የተሻለ አይደለም። በ1948 የወጣ የንጉሠ ነገሥት ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ብቸኛ መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ሰጥቶ ነበር። አምሃ እሸቴ በ1969 ይህን ጥሶ የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎች በሕንድ አሳተመ። ድፍረቱ ለዘመኑ ሙዚቃ ትልቅ ውለታ ነው። ክርክሩ ግን ማን ያሳትም የሚል እንጂ ቃሉ የማን ነው የሚል አልነበረም።

ለቋንቋ አጥኚ ጉዳዩ የሚከብደው በዚህ ነው። ከሬዲዮ የተቀዳ ዘፈን የሁለት ሰዎች ቋንቋ ሊሆን ይችላል፤ ድምፀቱ የዘፋኟ፣ የቃላት ምርጫውና የመነሻ ድምፁ የገጣሚው። ገጣሚው የሃርጌሳ፣ ዘፋኟ የጅቡቲ ብትሆንና በስንኙ ውስጥ አንድ የውሰት ቃል ቢገኝ፣ ቃሉ የጅቡቲ ከተማ ንግግር ማስረጃ ይሆናልን? የገጣሚው ስም ካልታወቀ መልስ የለም። «የቅጂ መብት» የሚለው ስያሜ አጥኚውን የቴፑ ባለቤት ማን እንደ ሆነ እንዲጠይቅ ይመራዋል፤ ፈቃዱን ሲያገኝም ሥራው ያለቀ ይመስለዋል።

ለ1964ቱ ጸሐፊዎች አንድ ነገር ሊባል ይገባል። የቃል ግጥም ባለቤት የለውም ብሎ ለሚያምን አንባቢ ነበር የሚጽፉት፤ የሕግ ቃል የተዋሱትም ለግጥሙ ክብር ለማስገኘት ነው። ስህተቱ የባሰው በተከታዮቻቸው ነው፤ አንዳንዶች ያለ ማስረጃ ልማዱን በዚያው ማኅደር ወዳሉት የአፋርኛ ዘፈኖች ዘረጉት።

ጅቡቲ በ2002 የበርን ስምምነት አባል ሆናለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 6 ተደጋጋሚም ደራሲው ስሙ እንዲታወቅና ሥራው እንዳይዛባ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ስለዚህ ስያሜው ትክክል ነው የሚል ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን ያ መብት ጠያቂ ይሻል። በሶማልኛው ልማድ ገጣሚው ዝም ቢል፣ ቢሞት፣ ወራሽ ቢያጣ እንኳ ዕዳው በአሰሚው አንገት ላይ ይቆያል። ዛሬ ቴፑን ወደ ዲጂታል የሚገለብጠውና ጽሑፉን የሚያዘጋጀውም አሰሚ ነው። ከዘፈኑ በፊት በአስተዋዋቂው አፍ የተጠራ ስም ካለ፣ ያ ክፍል እንደ ትርፍ ንግግር ተቆርጦ ሳይወድቅ ከስንኞቹ ጋር መጻፍ ይኖርበታል።